የአባታችን ወይራና የደሴቲቱ ፓስፖርት

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ዋርዳ፤

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ባሕሩን ይሻገርና ደጃፍሽ ይድረስ። እንደምን ሰንብተሻል? ልብሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽሽ አሁንም ይቆራረጣል ወይስ አዲሱ መድኃኒት ትንሽ አሳረፈሽ? ባለቤትሽ ጋሽ ናስሪ ጉልበቱ እንዴት ሆነለት? ልጃችሁ ሩዶልፍስ፣ ትንሿ ሊያስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከናፍቆታችሁና ከወገቤ ሕመም በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ልጄ ሚረይም እዚሁ ትሪፖሊ ሆስፒታል እየተመላለሰች በነርስነቷ ትሠራለች። ባለቤቴ ሃነ ካረፈች ባለፈው ወር ስድስት ዓመት ሞላት፤ ጸሎት አስደርጌላታለሁ፤ ስምሽንም ከሕያዋኑ ጋር አስጠርቻለሁ።

ዘንድሮ ወይራው ቸር ነበር። ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ ድረስ ጎንብሶ ነው የለቀምነው። ትናንት የቅድስት ባርባራ ንፍሮ ሚረይ ብቻዋን ቀቀለች፤ ታችኛው አርሮባታል፤ እኔ ግን የሃነን ያህል ጥሟል ብዬ በላሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ድምፅሽን ስሰማ ልጅ እሆንና እዋሻለሁ። እትዬ፣ አንቺም እኮ ዋሽተሽኛል። «ትንሽ ቀዶ ሕክምና ናት፣ ጥርስ እንደ መንቀል» አልሽኝ። ሩዶልፍ ግን ሰኔ ላይ ደረትሽን ሊከፍቱት መሆኑን ለሚረይ ነግሯታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበር አይቀበለኝም። ከዘይት መጭመቂያው ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መጭመቂያው እመላለሳለሁ። ሚረይ «አባዬ፣ ወለሉን ጨረስከው» ትለኛለች።

እማዬ እዚያ እናንተ ዘንድ ስታርፍ የሆነውን አትረሺውም። የፈረንሳይ ቪዛ ቀጠሮ የተሰጠኝ ከቀብሩ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነበር። ሩዶልፍ በዝናብ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞልኝ ነበር፤ አፈሩ መውረድ ሲጀምር ምስሉ ቆመ። እኔ እናቴን እስከ ዛሬ አልቀበርኳትም። አሁን ደግሞ በጥቅምት አመልክቼ ጭራሽ ከለከሉኝ። የቆንስላው መስኮት ውስጥ ያለችው ልጅ «ለመመለስህ ምን ዋስትና አለህ?» አለችኝ። «ወይራዎቼ» አልኳት። ፈገግ ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

በዚህ ምክንያት ነው ቤይሩት ወደ አንድ ደላላ የሄድኩት። የዚህ ሰው ሥራ ቦታና ቤት ብቻ አይደለም፤ ንብረት ያስገዛሽና በንብረቱ ፓስፖርት ያመጣልሻል። አገሪቱ ግሬናዳ ትባላለች፤ ውቅያኖስ ማዶ ያለች ደሴት ናት። ባንዲራዋ ላይ ገውዝ ተሥሏል፤ ያው ሃነ ኪበ ስትሠራ ከሥጋው ጋር የምትፈጨው ገውዝ! እሷ ብትኖር «ከእንግዲህ ቅመም በነፃ ነው» ብላ በሳቀች። «ደሴቲቱን ሄጄ ላያት ግድ ነው?» አልኩት ደላላውን። «አቡ ሚረይ፣ እሷም አንተን ልይህ አላለችም» አለኝ። «የምገዛው ቤት ስንት ክፍል አለው?» ብዬ ብጠይቀው ደግሞ «ቤት አይደለም፣ የሆቴል ድርሻ ነው» አለኝ። አስቢው እትዬ፣ አድሬበት የማላውቀው ሆቴል ውስጥ ድርሻ!

ግን አልቀልድም፤ ነገሩ ከንቱ አይደለም። ያ ፓስፖርት ያለው ሰው ከመቶ አርባ በላይ አገር ያለ ቪዛ ይገባል፤ ፈረንሳይም አለችበት። ዛሬ ታመምኩ ብትዪኝ ነገ አጠገብሽ ነኝ። ሚረይም ገና ሠላሳ ስላልሞላት በእኔ ስም አብራ ታገኛለች፤ እንደኔ መስኮት ላይ ቆማ አትለምንም። ከአምስት ዓመት በኋላ ድርሻውን ብሸጠው እንኳ ፓስፖርቱ አይነጠቅም አሉኝ። ደላላው «ፓስፖርት ጃንጥላ ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ሱቁ ይዘጋል» አለኝ። እኔ እኮ በእማዬ ቀን ያን ዝናብ አይቼዋለሁ። አራት ወር፣ ቢበዛ አምስት ይፈጃል ይላል። ሰኔ ስንት ወር እንደቀረው በጣቴ እየቆጠርኩ ነው የምውለው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ገብቶሻል። ከአባታችን ወይራ ነው፤ መጭመቂያውን ጨምሮ። ጎረቤታችን አቶ ሳባ ይገዛል፤ «ቶሎ በል፣ አለዚያ ሌላ ቦታ አይቻለሁ» እያለ ያጣድፈኛል። ስለዚህ ወደ መሬት መዝገብ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ «ዋርዳ ማናት?» አለችኝ። «እህቴ ናት» አልኳት። «ከሁለት ሺህ አራት መቶው ድርሻ አንድ ሺህ ሁለት መቶው የሷ ነው።» «ለእኔ ትታልኛለች!» «የት?» «በአባታችን ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት።» ልጅቷ መነጽሯን አውልቃ «አጎቴ፣ እኔ ጋ ያለው መዝገብ ነው፤ ለቅሶ የለኝም» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ወደ ጽሕፈት ቤት ብቅ አላለም። እህት ለወንድሟ የተወችውን ማን ያስመዘግባል? ነውር መስሎን።

የሰፈራችን ሹም ቶፊቅ ይህን ሰምቶ እቤቴ ድረስ መጣ። «አንተ ነዒም፣ ምን ያንገበግብሃል? እህትህ ማርሴይ ተቀምጣ የወይራ ቅጠል ትቆጥራለች? ማኅተሙ ያው ኪሴ ውስጥ ነው። ፊቴ ቀርባ ፈቅዳለች ብዬ እጽፍልሃለሁ፣ አለቀ!» አለኝ። ጻፈም። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተቀበልኩት። «ለሷ ብዬ እኮ ነው፣ እሷን ለማየት ነው» እያልኩ ለራሴ ተከራከርኩ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ያን ወረቀት በደረት ኪሴ ይዤ ዞርኩ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አባታችን ሆይ ስንደግም «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስደርስ ቃሉን ዘለልኩት። ለቁርባን ተሰልፌ ጎንበስ ስል ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። ከሰልፉ ወጣሁ። ሰው ሁሉ አየኝ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን የወይራ ፍሬ ልጣጭ ከምናነድበት ምድጃ ጨመርኩት። ቶፊቅ እስከ ዛሬ «ቅዱሱ መጣ» እያለ ይሰድበኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቅሶውን ሳስታውስ ሌላ ነገር ይታየኛል። አጎታችን በጉባኤው መካከል «ሴት ልጅ የባሏን ጣሪያ ትጠግናለች፤ የአባቷን ወይራ ለወንድሟ ትተዋለች» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየሽ። አንቺ ጥቁር ሻሽሽን አስረሽ፣ ሩዶልፍን በጭንሽ ይዘሽ፣ አንገትሽን አቀረቀርሽ። ያን አንገት መድፋት እሺታ ብዬ ያዝኩት። «ዓመት በዓመት አንድ ጣሳ ዘይት ብቻ ላክልኝ» አልሽ፤ እኔም እንዴት ትንሽ ነገር ለመነችኝ ብዬ ኮራሁ። ፈልገሽ ነው ወይስ አፍረሽ ነው? አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም። ዝናብ ያጣንበት ዓመት ደግሞ ከገበያ የገዛሁትን ዘይት ላክሁልሽ። «ዘንድሮ የኛን አይሸትም» ስትዪኝ «አፍንጫሽ አርጅቷል» አልኩሽ። አፍንጫሽ ደኅና ነበር እትዬ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት አለ። የቄሱ ልጅ ከዘይቱ ጣሳ ጋር ያደርስልሻል፤ ዘይቱ የራሳችን ነው። አንደኛው ወረቀት የሽያጭ ውክልና ነው፤ ቆንስላ ፊት የሚፈረም። ከፈረምሽ ወይራው ይሸጣል፤ እኔም እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሰኔ ሳይገባ አልጋሽ አጠገብ እሆናለሁ። ነገር ግን እወቂው፦ የእኔ ግማሽ ብቻውን ለፓስፖርቱ አይበቃም። የምነግርሽ ሳታውቂው ሁለተኛ ጊዜ እንዳትሰጪኝ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ያንቺን ፊርማ አይፈልግም። የመሬቱ ግማሽ ያንቺ እንደሆነ፣ የለቅሶው ቃል እንዳይነሳብሽ፣ በሁለት ምስክር ፊት ፈርሜበታለሁ። አንዱ ምስክር ቶፊቅ ነው፤ እየተሳደበ ፈረመ። ይህኛው የመጀመሪያውን ፈረምሽም አልፈረምሽም ያንቺ ነው።

አይሆንም ካልሽኝ አልቀየምም። ሚረይ ለጥር ሌላ ቀጠሮ ይዛልኛለች፤ ያው መስኮት ላይ እቆማለሁ። ለመመለስህ ምን ዋስትና አለህ ስትለኝ «የእህቴን ወይራ የምጠብቅ ሰው ነኝ» እላታለሁ። ያን ጊዜ ፈገግ ትበል።

ብቻ በአፍሽ ወይም በእጅሽ መልሺልኝ። ዝም ካልሽ እሺ አለች ብዬ አልይዘውም፤ አንድ ጊዜ ይዤው ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ።

ጋሽ ናስሪን ዘይቱን አሙቆ ጉልበቱን እንዲያሽበት ንገሪልኝ። ሩዶልፍን ያን ቀን በዝናብ ስለቆመልኝ ዛሬም አመሰግነዋለሁ በይው። ሊያን ሁለት ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ሚረይ እጅሽን ትስማለች፤ ንፍሮውን ያሳረረችው እሷ እንዳልሆነች፣ ምድጃው እንደሆነ ንገራት ብላኛለች። የእማዬ መቃብር ስትሄጂ አንድ ጠብታ ዘይት በእኔ ፈንታ አፍስሺላት።

ታናሽ ወንድምሽ ነዒም
ኩራ፣ ሰሜን ሊባኖስ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2022 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር