ያላጠፋ ልጅ ይቅርታ

ሮም፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለእናቴ ልጅ፣ ለዘርፈሽዋል፦

ዘርፌ፣ ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ኃጢአቴን ልናገር። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ወትሮው እዚያው ሰላምታው ላይ እቀራለሁ። አሰግድ ኦስቲያ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ሥራ ይዟል፣ ለመጻፍ ጊዜ አጥቶ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ልጅሽ ከኅዳር ጀምሮ እስር ቤት ነው። ያሳሰርኩትም እኔ ነኝ።

ይህን በፖስታ ለመላክ አልደፈርኩም። እዚህ የእህል ድርጅት ቢሮ የሚሠሩት አቶ ጎበና ለዕረፍት ሲገቡ በእጅሽ ይሰጡሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እሑድ ነበር። እኔና አሰግድ ከቅዳሴ ወጥተን፣ ነጠላችንን እንዳጣፋን፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አውቶቡስ እንጠብቃለን። ድንገት ጩኸት ሆነ። አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ተነጥቀዋል። ፖሊሱ "ምን ይመስላል?" አላቸው። "ኔሮ" አሉ፤ ጥቁር ማለታቸው ነው። ቁመቱን፣ ልብሱን፣ ምኑንም አልተናገሩም፤ እሱም ሌላ አልጠየቀም። ቀና ሲል በቅርብ ያገኘው ጥቁር ወጣት የኛ ልጅ ሆነ። ክንዱን ይዞ ወስዶ ሴትዮዋ ፊት አቆመው።

"ጋሼ፣ ምን ላድርግ?" አለኝ።

"ትልቅ ሰው ናቸው፤ ደንግጠዋል። ጉልበታቸውን ሳምና ይቅርታ በላቸው፤ ይበርድላቸዋል።"

"ያላጠፋሁትን?"

"ለትልቅ ሰው ያላጠፋም ይቅርታ ይጠይቃል።"

አባታችን እንዲህ አይደል ያሳደገን? ጎረቤት ሲቆጣ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ታናሽ ይጎነበሳል፤ ትልቁም "ተው ልጄ፣ ተነሣ" ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። አሰግድ ተንበረከከ። መሬት መሬት እያየ "ፔርዶኖ፣ ሲኞራ" አለ። እኔ ሴትዮዋ "ተነሣ" እስኪሉት እጠብቃለሁ። ፖሊሱ ግን "ኤኮ!" አለ፤ "ይኸው፣ አመነ!"

እጁን ካሰረው በኋላ ወደ እኔ ዞሮ "አንተስ፣ ታውቀዋለህ?" አለኝ። ባለቤቴ አበራሽ ካረፈች ወዲህ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አላሳደስኩም፤ የወረቀቱን ነገር የምታውቀው እሷ ነበረች። "አላውቀውም" አልኩ። በአማርኛ ቢሆን ምላሴ ይያዝ ነበር መሰለኝ፤ በጣልያንኛ ቀለለኝ። ልጁ ሰምቶኛል። እንዳያጋልጠኝ ብሎ ዞሮ እንኳ አላየኝም። ጴጥሮስን ዶሮ ጮኾ አነቃው፤ እኔ ሲነጋም የምጠብቀውን ፎቅ ደረጃ እያጠብኩ ነበር።

ቦርሳው አልተገኘበትም። ይቅርታው ግን እንደ እምነት ቃል ተቆጠረበትና ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ከዚያ ወዲህ ስንቁን ኣስገደት ታስገባለታለች። የአስመራ ልጅ ናት፣ የሰው ቤት ሠራተኛ፤ ወንድሟ እዚያው ታስሯል። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ እጠብቃታለሁ። አንድ ቀን በሩ ላይ የቆመውን የጠያቂ ሰልፍ እያሳየችኝ፣

"ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ ከተማው ውስጥ ጥቁር ሰው ፈልገው አጥተው ያውቃሉ? እዚህ በር ላይ ይቁሙ። ሐበሻ ቢሉ፣ ሶማሌ ቢሉ፣ ገበያ ነው! ጣልያን አይሰርቅም እንዴ?" አለች።

"ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል።"

"ይስሙኛ! አማርኛ ይችሉ ይመስል።"

ሳቅን። ወዲያው ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ወንድሜ እኮ እስከ ዛሬ ዳኛ ፊት አልቀረበም" አለችኝ።

ጣልያንም ይሰርቃል፣ ዘርፌ። እኔ ካለሁበት ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ ጎረምሳ የሰው ሞተር ብስክሌት ሲነዳ እጅ ከፍንጅ ተያዘ፤ ማታውኑ ቤቱ ገባ። እናቱ ደረጃው ላይ አግኝታኝ "አሎራ፣ ልጅነት ነው እንግዲህ" አለችኝ። እኔም ባልዲዬን ይዤ "ሲ፣ ሲኞራ" አልኩ። መንግሥት ለአሰግድ ያቆመለትን ጠበቃ ሄጄ ስጠይቀው፣ "ያኛው አድራሻ አለው፣ ፍርዱን ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። የናንተው አድራሻ የለውም" አለኝ። የኔ ምድር ቤት ሰው ይኖርበታል ተብሎ የትም አልተጻፈም።

ይግባኙ ሲቃረብ ለዚያው ጠበቃ እውነቱን ነገርኩት። ብዙም አልገረመውም። "ዘመድ ነህ፣ ወረቀት የለህም፣ መጀመሪያም ክደሃል። ማን ያምንሃል? ራስህን ታስይዛለህ እንጂ እሱን አታስፈታም" አለኝ። ብዙ ሌሊት ጸለይኩ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ብርታት ስጠኝ ብዬ አልነበረም፤ ሌላ መንገድ አሳየኝ ብዬ ነበር። ሌላ መንገድ አልመጣም።

አንቺ አሰግድን ከቀበሌ እስር አውጥተሽ፣ የአንገትሽን ወርቅ ሸጠሽ ነው የላክሽልኝ። "ካንተ ዘንድ ከሆነ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል" ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ካነበብሽ በኋላ እንዴት እንደምትተኚ አላውቅም።

ዓርብ ዕለት ይግባኙ ተሰማ። ሌላ ውሸት አልጨምርብሽ፤ ፍርዱ እንደነበረ ጸና። ለኔም ከአገር ውጣ የሚል ወረቀት ሰጥተውኛል። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ ወደዚያ ብመጣ የሚጠብቀኝን አንቺ ታውቂዋለሽ። ስንቁን ኣስገደት እንደማታቋርጥበት ቃል ገብታልኛለች። ከስቷል፤ ግን አልታመመም። ዳዊቱንም አስገብተንለታል።

ልጇን በሰው እጅ ያየች እመቤታችን ያንቺን ልብ ትያዝልሽ። የቤትሽን በር ክፉ አይርገጠው። ይቅር በይኝ ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ቃሉን ፈራሁት።

ፍርድ ቤት ያደረግሁትን ግን ከሌላ ሰው አትስሚው። ጠበቃው ምስክር የለንም ሊል ሲነሣ እኔ ቀድሜው ተነሣሁ። ኣስገደት ኮቴን ይዛ ጎተተችኝ። ዳኛው ከወረቀቱ ቀና ብሎ "ይሄ ደግሞ ማነው?" አለ። ጣልያንኛው ሁሉ ጠፋኝ፤ በአማርኛ ጀምሬ ሰዎች ሳቁብኝ። እንደገና ጀመርኩ። "ሀብተሚካኤል እባላለሁ" አልኩ። "የእህቴ ልጅ ነው። ያን ጊዜ ከኔ ጋር ቆሞ ነበር፤ ተንበርከክ ያልኩትም እኔ ነኝ።"

ወንድምሽ ሀብተሚካኤል