ስለ ተቆለፈው የምሥራቅ በር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ጃግሞሃን ካላ ሳሂብ
የሳል ኩንጅ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ዴህራዱን

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የደም ግፊትዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እንቅልፍዎ ደህና ካልሆነ ግን እኛ ነዋሪዎች ምን ልንጨምርልዎ እንደምንችል አላውቅም፤ ከአትክልት ሻጩ ጥሪ እስከ ብስክሌት ደወል፣ በሰፈራችን ድምፅ ሊያወጣ የሚችለውን ሁሉ በቁጥር በቁጥር ደንብ አውጥተው ዝም አሰኝተውታልና። የቀሩት ወፎቹ ናቸው፤ የእነሱም ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚነሣ አልጠራጠርም።

ባለፈው ሳምንት፣ ኮሚቴው የተመሠረተበትን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ እያንዳንዱ ነዋሪ «በጥላና በጸጥታ መኖር» በሚል ርዕስ ለሰፈራችን መጽሔት የምስጋና ቃል እንዲጽፍ በትህትና ጠይቀዋል። እኔ ኩሱም ጋይሮላ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ፣ በምሥራቁ አጥር ጥግ ያለችው የመጨረሻዋ ቤት ባለቤት፣ ጥሪዎን በደስታ ተቀብያለሁ። መጽሔቱ ቦታ ቢያጥረው ብዬ ግን ይህንኑ ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት በዋናው በር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ፣ ለአርባ አንዱም ቤት አንዳንድ ቅጂ አድያለሁ።

አንደኛ፣ ሰፈራችን ስሙን ስላገኘባቸው ስለ ሳል ዛፎቹ አመሰግናለሁ። እርስዎ ከዴልሂ ጡረታ ወጥተው ከመምጣትዎ መቶ ዓመት ቀደም ብለው እዚሁ ቆመው እንደነበር አውቃለሁ፤ ነገር ግን በየስብሰባው «ዛፎቼ» ሲሉ ስለምሰማ፣ ምስጋናውን ለሌላ መስጠት ድፍረት ይሆንብኛል። ከከተማው ጢስና ጥሩምባ በሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ከቤታችን ስንወጣ ፀሐይ የማያገኘን፣ በመንገዳችን ላይ ከቅጠል በቀር የሚወድቅ ነገር የሌለ ዕድለኞች ነን።

ሁለተኛ፣ ስለ ምሥራቁ በር አመሰግናለሁ። ከአጥሩ ማዶ ካለው መንደር የሚመጡት ምግብ አብሳዮቻችን፣ ሾፌሮቻችንና ቤት ጠራጊዎቻችን በዚያች ትንሽ የብረት በር ገብተው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሥራ ቦታቸው ይደርሱ ነበር። ክቡርነትዎ በመጋቢት ወር ስብሰባ ላይ፣ የነጠላ ጫማቸው ጥፍጥፍታ የጠዋቱን ጸጥታ እንደሚያውክና ጥላውም ለነዋሪው እንጂ ለአላፊ አግዳሚው እንዳልሆነ አስረድተው በሩን አስቆለፉት። ቃለ ጉባኤው በእጄ ይገኛል፤ «ጥፍጥፍታ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

መንደሩ በእኛ አጥርና በወንዙ መካከል ተጣብቦ የተቀመጠ ስለሆነ ሌላ መውጫ የለውም። ስለዚህ ሰዎቹ ወደ ወንዙ ወርደው፣ ተሻግረው፣ አውራ ጎዳናው ላይ ወጥተው፣ በዋናው በር ዞረው ለመግባት አርባ ደቂቃ መሄድ ጀመሩ። ወንዙ በበጋ ጠጠርና አሸዋ ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፉልማቲ አመሰግናለሁ። በስሟ ላያስታውሷት ስለሚችሉ ላስታውስዎ። ወላጅ እናትዎን ማጂን ስድስት ዓመት ሙሉ በእጇ ያጎረሰች፣ ያጠበችና ፀጉራቸውን ያበጠረች ሴት ናት። ማጂ በዘጠና ዓመታቸው እርስዎን የመብራት ቆጣሪ ለማንበብ የመጣ ሰው አድርገው ቢቆጥሩዎትም፣ ፉልማቲን ግን በእግሯ ኮቴ ለይተው ያውቁ ነበር፤ ከእሷም እጅ በቀር ከማንም እጅ አይበሉም ነበር። ከእርስዎ ቤት ስትጨርስ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። እኔ ዘንድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች።

በሐምሌ፣ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ከዘነበ በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ፉልማቲ ወደ ወንዙ ወርዳ ውሃውን አይታ ተመለሰች። ከዚያም ወደ ተቆለፈው በር መጣች። ከወዲህ በኩል ዘበኛው ቲካራም ቆሞ ነበር። የሆነውን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ የሰማሁትን እንዳለ እጽፋለሁ።

«ቲካ ወንድሜ፣ ውሃው ሞልቷል። ዛሬን ብቻ ክፈትልኝ» አለችው።

«ቁልፉማ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ዲዲ፣ እህቴ። ሳሂብ ሳይፈቅዱ ከከፈትኩ ግን ነገ እኔም ካንቺ ጋር ከዚያ ማዶ ነኝ። ቆይ፣ ልደውልላቸው።»

ደወለልዎ። ለራሷ ይንገሯት ብሎ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ወደ ብረቱ አስጠጋው። ክቡርነትዎም እንዲህ ብለው መለሱ፤ «ዛሬ ለአንዷ ከከፈትክ ነገ ለመንደሩ ሁሉ ትከፍታለህ። በወንዙ በኩል ትምጣ። እናቴ ቁርሷን አልበላችም፣ ቶሎ በይ በላት።»

ቲካራም እንደነገረኝ፣ ፉልማቲ ስለ በሩ ሌላ አልለመነችም። «ማጂ እስካሁን አልበሉም?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ከዚያ ሳሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ወደ ወንዙ ወረደች። በማግስቱ፣ አራት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ካለው ድልድይ ሥር፣ አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች አገኟት።

በዚያኑ ቀን በሰፈሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ስለጻፉልን መልእክት ማመስገን ይገባኛል። በፉልማቲ ድንገተኛ ሕልፈት ማዘንዎን ገለጹ፤ አስከሬኗ ሲወጣ ሐዘንተኞቹ በእኛ መንገድ እንዳያልፉና ልቅሶም እንዳይሰማ ትብብራችንን ጠየቁ፤ በመጨረሻም አረጋውያንን የምትንከባከብ ታማኝ ሴት የምናውቅ ካለን በአስቸኳይ እንድንጠቁምዎ አሳሰቡ። ሦስቱንም በአምስት መስመር ጨርሰውታል። እኔ አምስት መስመር ውስጥ ይህን ያህል ነገር የሚያስገባ ተማሪ አላጋጠመኝም። ከሥሩ ሠላሳ ስምንት ጎረቤቶቻችን የተጋጠሙ እጆች ሥዕል ላኩ።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ልተው፤ ምስጋናው ለእርስዎ ብቻ አይደለምና።

ባሏ ሱክላል በአራተኛው ቀን እኔ ቤት መጣ። ፉልማቲ ወለል ስታጥብ የምታደርጋት ነጠላ ጫማ በጓሮ ደጃፌ ቀርታ ነበርና እሷን ሊወስድ ነው። ጫማዋን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ «ዲዲ፣ በሩን የዘጋው ኮሚቴው ነው ትል ነበር። ኮሚቴው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም። ማንን ሄዶ ማነጋገር እንዳለበት ለማወቅ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በሩ እንዲቆለፍ ከተፈረሙት አርባ አንድ ፊርማዎች አሥራ ዘጠነኛው የእኔ ነው። የሊቺ ፍሬዬን አላፊ አግዳሚው እየለቀመብኝ ስለመሰለኝ፣ ሁለተኛ ሳላነብ ፈረምኩ። ፉልማቲ በማግስቱ እርጥብ ጨርቅ በእጇ ይዛ፣ «ዲዲ፣ እርስዎም ፈርመዋል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ስትለኝ፣ «ለደኅንነት ነው፤ አንቺን አይመለከትሽም» አልኳት። «እሺ ዲዲ» ብላ መስኮቱን መወልወሏን ቀጠለች። ይህንንም ለሱክላል ነገርኩት። አልጮኸብኝም፤ አልሰደበኝም። ጫማዋን ይዞ ወጣ። ያን ቀን በቤቴ የነበረውን ጸጥታ ቢሰሙት ኖሮ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ በሥራዎ ይኮሩ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ግንበኛ ጠርቼ ከመንደሩ የሚያዋስነኝን የጓሮ ግንቤን ሁለት ሜትር ያህል አስፈረስኩ። የመንደሩ ሰው አሁን በአትክልት ቦታዬ ገብቶ፣ በጎን በረንዳዬ አልፎ፣ በፊት በሬ ወደ ሰፈራችን መንገድ ይወጣል። ከንጋት ጀምሮ ጥፍጥፍታ አለ። አንዳንዶቹ ሰላም ይሉኛል፤ አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ፤ ሁለቱንም መቀበል ይገባኛል።

የላኩልኝን ሦስት ማስጠንቀቂያ አንብቤያለሁ። በደንቡ አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት «የሰፈሩን ጸጥታ የሚያውክ ቀዳዳ» መክፈቴን ገልጸዋል። ቀዳዳው በራሴ መሬት፣ በራሴ ግንብ ላይ ነው፤ የሚያልፉትም ሰዎች እንግዶቼ ናቸው፤ አንድ ነዋሪ በቀን ስንት እንግዳ መቀበል እንደሚችል የሚወስን አንቀጽ እስከ ዛሬ አላወጡም። ፍርድ ቤት እንደሚወስዱኝም ጽፈዋል። እባክዎን ይውሰዱኝ። ዳኛው ግንቡን ለምን እንዳፈረስኩ መጠየቁ አይቀርም፤ እኔም መመለሴ አይቀርም። ቲካራምን ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስላባረሩትም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ያ የስልክ ጥሪ በስንት ሰዓት እንደተደወለና ምን እንደተባለ ለመናገር ከእንግዲህ የሚያስፈራው ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ መንገደኛ መካከል አንድ ሰው ብቻ በእኔ ቤት አልፎ አያውቅም። ሱክላል ዛሬም ወደ ሥራው የሚሄደው በወንዙ ዞሮ ነው።

እንግዲህ ጥላዎ እንዲሰፋ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ያደረጉትንም ሁሉ ማስታወስ የሚችሉበት ጤናማ አእምሮ እስከ መጨረሻው እንዳይለይዎ እየተመኘሁ፣ ፊርማዋን አንድ ጊዜ አለቦታው ያዋለችና ዛሬ በቦታው የምታውል ጎረቤትዎ መሆኔን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ኩሱም ጋይሮላ

ማስታወሻ፦ ምራትዎ ትናንት ደውላ፣ ማጂ ምግብ እምቢ ብለው እየከሱ ስለሆነ ከመንደሩ ሌላ ሴት እንዳፈላልግ ለምናኛለች። ስለ ማጂ ብዬ ዘጠኝ ቤት አንኳኳሁ። ስምንቱ በራቸውን ዘጉብኝ። ዘጠነኛዋ ቢምላ ትባላለች፤ እሠራለሁ ብላለች። በእኔ አትክልት ቦታ ማለፍ እንደምትችል ብነግራትም፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃለች፤ «በመጀመሪያው ቀን ሳሂብ ራሳቸው በወንዙ በኩል በእግራቸው መጥተው ይውሰዱኝ፤ አብረን እንሻገራለን።» በቁመት ከእርስዎ በአንድ ስንዝር ያህል ታጥራለች። ዛሬ ጠዋት ውሃው እስከ ወገቧ ነበር።