«በሕይወት አለች» ከሚለው ረድፍ ለውጤት ክትትል ኃላፊው የተጻፈ

ለክቡር የሆስፒታሉ የሕክምና ውጤት ክትትል ቢሮ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። አካልዎ ሁሉ በየቦታው እንዳለ እንዲቆይልዎ፣ የሚቀመጡበትም ወንበር እንደ ዛሬው የለሰለሰ እንዲሆን ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልቤ እመኛለሁ።

ማን መሆኔን ላስታውስዎ። ከስድስት ዓመት በፊት የማኅፀን በር ካንሰሬ ከጨረር ሕክምናው በኋላ ተመልሶ ሲመጣ፣ የሆስፒታላችሁ ቀዶ ሐኪም ማኅፀኔን፣ ፊኛዬንና የታችኛውን አንጀቴን በአንድ ቀን ጠራርጎ ያወጣልኝ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሆዴ ላይ ሁለት ከረጢት ተለጥፏል፤ በቀኝ ሽንት፣ በግራ ሰገራ። ኮሪደሩ ላይ ባሰቀሉት የውጤት ሰሌዳ «በሕይወት ያሉ» ከተባሉት ዘጠኝ ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ስለ ሐኪሙ ክፉ ቃል አይወጣኝም፤ እጁ ይባረክ። ቅሬታዬ ከእርስዎ ጋር ነው፤ እሱም በታላቅ ትሕትና።

አንደኛ። በየዓመቱ ከቢሮዎ የምትደውልልኝ ጸሐፊ በሕይወት መኖሬን ትጠይቅና፣ አለሁ ስላት አመስግና ስልኩን ትዘጋለች። አምና ግን ወሬ አማረኝ። ቁስሌ ሳይደርቅ ሰባት ወር መጎተቱን፣ ኢንፌክሽን ኩላሊቴን ይዞት ሁለት ጊዜ መተኛቴን፣ ባለቤቴም ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ ያደረው ጠልቶኝ ሳይሆን ከረጢቱን እንዳይጫነው ፈርቶ መሆኑን፣ አሁን ወደ አልጋችን ተመልሶ በማንኮራፋቱ እንደ ድሮው እያስመረረኝ መሆኑን ልተርክላት ጀመርኩ። ልጅቷ ደንግጣ «እናቴ፣ እኔ እኮ የማደርገው ምልክት ብቻ ነው» አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ሁለት ሳጥን ብቻ ከሰጣት ማንኮራፋቱን የት ታስገባው?

ሁለተኛ። ከረጢቱን ከመድኃኒት ቤታችሁ ለመውሰድ «ችግሩ አሁንም መኖሩን» የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ በየሦስት ወሩ እንዳቀርብ አዘዋል። ለዚህ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ተቆርጠው የወጡ ፊኛና አንጀት እንደ ጥፍር ሊበቅሉ እንደሚችሉ ከእርስዎ በቀር ያሰበ ሰው አልነበረምና። ቀዶ ሐኪሙ ያንኑ ማስረጃ ሲጽፍ ሲጽፍ ከርሞ፣ ባለፈው ጊዜ ትዕግሥቱ ቢያልቅ «ያወጣሁትን አካል አልመለስኩም፤ የመመለስ ዕቅድም የለኝም» ብሎ ማኅተም አሳርፎ ሰጠኝ። መድኃኒት ቤቱ አጻጻፉ እንደተለመደው አይደለም ብሎ መለሰኝ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ያን ሳምንት በዳቦ መያዣ ፌስታልና በፕላስተር ተወጣሁት። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ስትለካ፣ እኔም ጫፉን ልይዝላት ጎንበስ ስል፣ ፕላስተሩ የለቀቀበትን ሰዓት ግን ሆድ ይፍጀው።

ሦስተኛ። ቢሮዎ ፊት ለፊት ለክትትል ታካሚዎች የተቀመጠው የብረት አግዳሚ ነው። አንጀቱ ሲወጣ ክፍት የቀረው መቀመጫችን ከጭናችን በተወሰደ ሥጋ ለተጣፈልን ሰዎች ከዚህ የተሻለ የእግር ማጠንከሪያ አልተገኘም፤ ሁለት ሁለት ሰዓት ቆመን እንጠብቃለን፤ እግዜር ይስጥልን።

አራተኛው ብዕር ያስነሣኝ ነው። ሴቶች ክፍል መስኮቱ ሥር አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ተኝታለች። ሕመማችን አንድ ነው፤ የተመለሰባትም እንደኔው ነው፤ የቀራትም ይኸው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ወይ የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማ ቀዶ ሕክምና ትገባለች፣ ወይ ሳትፈርም ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሯታል፦ ዕጢው ዙሪያውን ንጹሕ ሆኖ ተጠርጎ ከወጣ የመዳን ተስፋ አለ፤ ጠርዙ ላይ ከቀረ ግን ያ ሁሉ መከራ ብዙ ዕድሜ አይጨምርም። እሷ ግን ከዚያም ወዲያ ያለውን ማወቅ ፈለገች፤ መሪ ይዛ መቀመጥ ትችል እንደሆነ፣ ትሸት እንደሆነ፣ ባሏ ደግሞ ይነካት እንደሆነ። ቁስላችንን የምታጥበው የክፍሉ ነርስም «የኖረችበት ትንገርሽ» ብላ እኔን አስጠራችኝ። ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ መጋረጃውን ስቤ ሸሚዜን ገለጥኩላት። ሾፌሯ ትክ ብላ አየችና «በግራም በቀኝም ታንከር ተገጥሞልሻል በይኛ፣ እትዬ!» ብትለኝ ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ከጎኗ የተኙትም ሳቁ።

በማግስቱ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ያልተፈቀደ የውጤት መረጃ በማሠራጨት ታካሚዎችን በማደፋፈርዎ ወይም በማስፈራራትዎ» ወደ ክፍሉ ድርሽ እንዳልል ታግጃለሁ። የትኛውን እንደፈጸምኩ ስላልለዩት ላግዝዎ፤ ሁለቱንም ነው።

ያደፋፈርኳት ሸሚዜን ገልጬ ስድስት ዓመት መኖሬን በማሳየቴ ነው፤ ያስፈራራኋት ደግሞ ስለ አንዲት መምህርት በመንገሬ ነው። እኔና መምህርቷ በአንድ ወር ቀዶ ሕክምና ተደርጎልን፣ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። የተሰፋው አንጀቷ እያፈሰሰ፣ ከቀሯት አሥራ አራት ወራት ዘጠኙን እዚሁ ሆስፒታል ጨረሰቻቸው፤ ጠርዙ ላይ የቀረው ካንሰርም ፋታ አልሰጣትም። ከመሞቷ በፊት «ይህን ነግረውኝ ቢሆን ቤቴ ከልጄ ጋር እቀመጥ ነበር» አለችኝ። እወዳት ነበር፤ ዛሬም ትናፍቀኛለች። እርስዎ ደግሞ በሰሌዳዎ ላይ «ቀዶ ሕክምናው የተሳካላቸው» ከሚለው ረድፍ አስገብተዋታል፤ የመጀመሪያውን ሠላሳ ቀን ሳትሞት አልፋለችና። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ትሕትናዬን ጠብቄ ነው የምናደደው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ ከሾፌሯ ጋር አንድ ሰዓት እንድቀመጥ፣ ማለቴ እንድቆም፣ ይፍቀዱልኝ። ፈርሚም አትፈርሚም አልላትም። የኔን ስድስት ዓመትና የመምህርቷን አሥራ አራት ወር ፊቷ ላይ ዘርግቼ፣ የጠየቀችኝን ሁሉ አፌን ሞልቼ እመልስላታለሁ። ሕይወቱም አካሉም የሷ ነው፤ ሳታውቅ እንዳትገባበት፣ ሳታውቅም እንዳትሸሸው ነው የምፈልገው።

ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለታካሚ ያለዎት ርኅራኄ ለሰሌዳዎ ካለዎት ፍቅር እኩሌታውን እንዲያህል እየተመኘሁ፣ ለሚሰጡኝም ሆነ ለሚነፍጉኝ መልስ በቅድሚያ እጅ የምነሣ፣

የቀድሞ ታካሚዎ፣ የአሁኑ ራስ ምታትዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ነርሷ ደወለችልኝ። ለካ ሾፌሯ የጠያቂዎች ካርድ አስመጥታ ስሜን ሞልታለች፤ «ዝምድና» በሚለው ቦታም «ታላቅ እህቴ» ብላለች። የሆስፒታሉን ደንብ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እህትን የሚያግድ አንቀጽ ስለሌለው ስለ ፈቃዱ አይቸገሩ፤ እኔ አሁኑኑ ልሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ሰኞ ትፈርም አትፈርም አላውቅም። ብትፈርም የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆሜ የምጠብቃት፣ ባትፈርም ቤቷ ድረስ የማደርሳት እኔ ነኝ፤ እርስዎ መቼም ያን ቀን ስብሰባ አይጠፋዎትም።