የኮምፒውተሬን አንደበት ስለዘጉልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሉልሰገድ
የመሥሪያ ቤታችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
አራት ኪሎ

ክቡር ሆይ፣ ዓይንዎ ከማየት፣ ጆሮዎ ከመስማት እንዳይጎድል ከልብ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በሦስተኛ ፎቅ የምሠራው ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ረይሀና እንድሪስ ነኝ፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ባልጠየቅሁት ዕረፍት ላይ ስለምገኝ ደህና ነኝ። ለዚህ ያበቁኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

እንደሚታወቀው፣ ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌር እንዳንጠቀም የሚቆጣጠር መሣሪያ በየኮምፒውተራችን አስገብተዋል። ይህ ትጉህ መሣሪያ ፕሮግራሙን ራሱን አይመለከትም። አምራቹ አብሮ የሚያስቀምጣትን ትንሽ የመለያ ፋይል ፈልጎ ከተገዛው ፈቃድ ጋር ያመሳክራል፤ መለያዋን ካጣ ግን «ማንነቱ ያልታወቀ» ብሎ ይሰርዛል። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም ፈቃዱ በሕግ የተገዛ ሲሆን፣ ክብ ማህተም ያረፈበት ወረቀቱም እርስዎው ቢሮ ተቀምጧል። ሆኖም አሮጌ ስለሆነ የመለያ ፋይል የለውምና ተሰረዘ። በዚህ አገር ማህተም ይዞ የተረታ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛ፣ አቶ ፍቅሬ ጡረታ ሲወጡ የንድፍ ፕሮግራማቸው በችኮላ ተሰርዞ መለያው ብቻ ተረስቶ ቀርቷል። መሣሪያዎ ግን ፕሮግራሙ አለ ብሎ ፈቃዱን እስከ ዛሬ ይጠብቅላቸዋል። በዚህስ ብዙ አልፈርድበትም፤ እኛም ፒያሳ ላይ ከፈረሰ ዓመታት ባለፈው ጫማ ቤት ስም «ወራጅ አለ» እያልን ታክሲ እናስቆማለን፣ ቀጠሮም እንይዝበታለን። ነገር ግን ጫማ ልንገዛበት አንሄድም፤ እንደሌለ እናውቃለንና።

ሦስተኛውን በወጉ ለማስጻፍ ትዕግሥቴ አልቋል። ቢሮዎ ብመጣ «እህቴ፣ ሲስተሙ አያውቀውም፤ ምን እናድርግ?» ተባልሁ። ማመልከቻ ባስገባም መልስ የለም፤ ኮምፒውተሩም አይናገርም፤ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። በእጄ ያሉት ጉዳዮች በዚህ ሳምንት ለሌላ ባለሙያ ሊሰጡ ነው። አለቃዬም «ቁጭ ብላ ነው የምትውለው» ማለታቸውን ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬን መሣሪያዎ እስካሁን አልሰረዘውም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ዳይሬክተር። ሕግ የተማርኩት የገዛ ሥራዬን አንብቡልኝ እያልኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ልለምን አልነበረም።

ያለ አንዳች የመለያ ፋይል በሥጋና በነፍስ በሥራ ገበታዋ ላይ ከምትገኘው፣ ትእዛዝዎንም በግድ ጸጥታ ከምትጠባበቀው ሠራተኛዎ፣

ረይሀና እንድሪስ
ከአፍንጮ በር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ እኔ በቃሌ ስናገር የጻፈችው የሥራ ባልደረባዬ አስካለ ናት፤ የባሱትን ቃላት እየዘለለች ስላለፈችልዎ ያመስግኗት። መልስዎን በኢሜይል አይላኩ፤ የሚያነብልኝ የለም። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጥተው ራስዎ ያንብቡልኝ። መታወቂያም አልጠይቅዎትም፤ እኔ ሰው መኖሩን የማውቀው ሲናገር ስሰማው ነው።