ዛሬ የሚባል በሬ ገዝቻለሁ

ይድረስ ለምላሰኛዋ የልጅ ልጄ፤

ከባድ የኀዘን ዜና ስላለኝ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ቤተሰቡን ለረጅም ዘመን በቅንነት ያገለገለው፣ ጥሬውን ሲቆረጥም አጥንቱን ሲሰባብር የኖረው የግራ መንጋጋዬ የመጨረሻ ጥርስ፣ ባደረበት ድንገተኛ ሕመም በተወለደበት አፍ ውስጥ ሲረዳ ቆይቶ በዚህ ሳምንት ተለይቶናል። ሥርዓተ ቀብሩም አያትሽና ድመቷ በተገኙበት ከቤታችን ጀርባ ተፈጽሟል። ድመቷ ምንም አላለቀሰችም። አያትሽ ግን እንባዋን መቆጣጠር አቃታት፤ የሳቅ እንባ ነው።

ኀዘኑን ከተካፈልን ዘንድ ወደ ሰላምታው እንግባ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? የሰው ቤት ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሳሙናው እጅሽ ላይ ያወጣው ቁስል ዳነ ወይስ ጓንት ግዢልኝ ማለት አሁንም ያሳፍርሻል? በደንብ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለሌላው አቅርበሽ አንቺ ቆመሽ ትቀምሻለሽ? እመቤትሽስ እንደ በፊቷ ናት ወይስ አዲስ ጠባይ አወጣች? እኔ ከሟቹ በቀር ምንም አልጎደለኝም። ጆሮዬ እንኳ ድኗል፤ አያትሽ ስትጠራኝ ብቻ ነው የሚደነቁረው።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ሽማግሌው ጃጀ ብለሽ ለእናትሽ እንዳትደውዪ። ምክንያት አለኝ፤ እስከ ታች ድረስ ታግሠሽ አንብቢ።

ያ ጥርስ ማን ላይ ተነክሶ እንደኖረ አንቺም ታውቂያለሽ። ባለ ብዙ በሬው ጎረቤታችን ላይ ነው፤ አቶ ነገ ላይ። እናቱ ያወጣችለትን ስም እሷም ሳትረሳው አልቀረችም፤ ለመንደሩ ሁሉ አቶ ነገ ነው። በሬ የሌለን ሰዎች የእሱን ማሳ እናርምለታለን፣ አጥሩን እናጥርለታለን፤ በለውጡ የእኛን ማሳ ሊያርስልን ነው። አርመን አጥረን ስንጨርስ «መቼ ትመጣልናለህ?» እንለዋለን። «ነገ!» ይላል። መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፣ ቀጥሎ የአማቾቹን፣ ቀጥሎ ደግሞ አብረውት የሚጠጡትን ሰዎች። እኔ ደጁ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ያቺ ድንጋይ የእኔን መቀመጫ ቅርጽ ይዛለች፤ ብትጠፋ በቅርጿ ለይቼ አውቃታለሁ።

የመጨረሻው ክፍል ልትገቢ የነበረበትን ዓመት አልረሳሽም። ዝናቡ ሲጥል እኔ ደጁ ነበርኩ። ዝናቡ ሲያባራ አቶ ነገ በሬዎቹን እየነዳ፣ ውለታ እንደሚውል ሰው ደረቱን ነፍቶ መጣ። ዘሩን አቧራ ላይ በተንነው። ያን ዓመት ከማሳችን የገባው ገለባ ነው፤ አንቺም ደብተርሽን ለታናሽ እህትሽ ሰጥተሽ የሰው ልብስ ልታጥቢ ሄድሽ። አውቶቡሱ ሲነሳ እጅሽን አውለበለብሽልኝ። እኔ መልሼ አላውለበለብኩም፤ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ጥርሱ አሁን ወለቀ እንጂ ንክሻው አልወለቀም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣልሽ። የእርዳታ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች በፊት ስንቸገር ባልዲ ያመጡልን እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ ባልዲው ውስጥ የሚገባ ነገር ግን አያመጡም ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ እጅ መታጠብ ሲያሠለጥኑን ውለው ውሃ የለም ሲባሉ ደነገጡ። ዘንድሮ ግን አንዲት ቀጭን ልጅ ይዘው መጡና «የሚያስፈልጋችሁን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ገንዘቡን ቀጥታ በስልካችሁ እንልካለን» አሉ። በስብሰባው ላይ ማን ቢነሣ ጥሩ ነው? አቶ ነገ! «ለድሃ ጥሬ ገንዘብ መስጠት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው» አለ። «ይሰክሩበታል። ይልቅ ለእኔ ስጡኝና እያብቃቃሁ እኔ እሰጣቸዋለሁ።» ቀጭኗ ልጅ የዋህ ናት፤ ከልቧ «መቼ መቼ ይሰጧቸዋል?» ብላ ጠየቀችው። እሱ አፉን ሳይከፍት ስብሰባው በሙሉ ባንድ ድምፅ መለሰላት። አንቺ ብትኖሪ ከሁሉ ጮኸሽ ትመልሺ ነበር።

ገንዘቡ እንዳሉት ቀጥ ብሎ ገባ። አያትሽ ከሁሉ በፊት ጣራውን አሳደሰች፤ አንቺ ለፍሳሹ ትደቅኛቸው የነበሩት ባልዲዎች ከየማዕዘኑ ተነሡ። እናትሽ ያን ሳሏን ታከመች። እህትሽ ያንቺን ደብተር ጨርሳ የራሷን ገዛች። ሰክራችኋል ወይ ብትዪኝ፣ እኔ አንድ ቀን ሰክሬያለሁ፤ ጠብታ ሳልቀምስ፣ ከገበያ በሬዬን እየነዳሁ ስመለስ። ከእንግዲህ ደሞዝሽን ወደዚህ እንዳትልኪ። ጓንት ግዢበት።

አንድ በሬ ብቻውን እንደማያርስ ታውቂያለሽ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከእኔ ጋር ያቺን ድንጋይ በተራ ስትጠብቅ የኖረችው፣ በእሷ ድርሻ ሌላ በሬ ገዛችና አቀናጀን። የእሷ በሬ ቁጡ ነው፤ በባለቤቱ ወጥቷል። የእኔን ግን ስሙን «ዛሬ» አልኩት። ማሳችን ከአቶ ነገ ቤት ወዲያ ማዶ ስለሆነ በደጁ ማለፍ ግድ ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ እኔ ግን እረሳዋለሁ። «ና ዛሬ! ቀጥ በል ዛሬ! አይዞህ ዛሬ!» እያልኩ አልፋለሁ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። በመስኮት ሲያየን መጋረጃውን ይስባል።

ከዚያ ወዲያ ደጁ ጭር አለ። የሚያርምለት ጠፋ፤ የሚያጥርለት ጠፋ። ቀላቢ ሲያጣ በሬዎቹን ሸጠና አንድ ጥማድ ብቻ አስቀረ። ከእነሱም አንደኛው ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረ። ሰው ለበሬ አያዝንም አትበዪ፤ ለበሬውስ አዝኛለሁ። እነሆ ባለ ብዙ በሬው ሰውዬ ባለ አንድ በሬ ሆኖ፣ ዝናቡ ሲጀምር ኮፍያውን በእጁ ይዞ ደጄ መጣ። ይመጣል ብዬ አስቀድሜ አንዲት ድንጋይ አንከባልዬ ደጄ አኑሬ ነበር። ሹል ናት። ስመርጥ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ድሮ «አንተ ሽማግሌ» የሚለኝ ሰው «አባባ፣ እባክዎ ዛሬን ያውሱኝ» አለኝ። እኔም ፂሜን ዳስሼ ምን እንዳልኩት ልንገርሽ ወይስ ደርሰሽበታል? በማግሥቱም መጣ፤ ያንኑ አልኩት። ልብስ ሰፊዋማ ከእኔ ትብሳለች፤ «የተሰበረ መርፌ እንኳ አላውሰውም» አለችው ፊት ለፊት። አያትሽ ብቻ ናት የምትጨቀጭቀኝ። «ዝናቡ ካመለጠው ዓመቱን ምን ሊበሉ ነው? ልጆቹ ምን አጠፉ?» ትለኛለች። የእኛስ ልጅ ምን አጥፍታ ነበር? እላታለሁ። ምድጃውን ትቆሰቁሳለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ትጀምራለች።

በመጨረሻ ምን ላድርግ፣ ሆዴ ባባ። ትናንት ማለዳ ሁለቱን በሬዎች ጠምደን ማሳውን አረስንለት። ትልሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ። አቶ ነገ እጄን ስሞ አለቀሰ፤ እኔም ይቅር አልኩት። ልብስ ሰፊዋም ፈገግ አለች። ወፎችም ዘመሩ።

እንግዲህ ሰላምታው። አያትሽ ጉንጭሽን ደጋግማ ስማለች፤ ትንሽ ወፍረሽ ካልመጣሽ በር እዘጋባታለሁ ብላለች። እናትሽ ሳሉ ስለለቀቃት አሁን የምትቆጣበት ድምፅ አግኝታለች፤ ለብቻሽ በምሽት እንዳትወጪ ትላለች። እህትሽ በሒሳብ በለጥኩሽ በይልኝ ብላለች። ልብስ ሰፊዋ ልክሽን ላኪልኝ፣ ቀሚስ እሰፋለሁ ብላለች። ድመቷ ከኀዘኗ ተጽናንታለች። ዛሬም በጭራው ሰላም ብሎሻል። አብረውሽ ላሉት ልጆች ሁሉ ጥርስ የሌለው ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንዱ አያትሽ
ከደጃችን፣ ደመናው በከበደበት የዘር ሳምንት

ፖስታውን ሳላሽገው አንድ ነገር። ስለ ማረሱ የጻፍኩት ውሸት ነው። ያስጻፈችኝ አያትሽ ናት፤ «ልጅቱ በሰው አገር በአያቷ እንዳታፍር» ብላ አጠገቤ ቁጭ ብላ። እኔም እስቲ ጽፌ ልየው፣ ምናልባት ደስ ይለኝ ይሆናል አልኩ። አየሁት። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ወፎቹን ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማሳው እንዳለ ነው። አቶ ነገም ይህን ስጽፍ ደጄ ላይ ድንጋዬ ላይ ተቀምጧል፤ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ጎኑ ዘንበል ይላል። አያትሽ ውሃ ልትሰጠው ስትወጣ ነው ፋታ ያገኘሁት።

እውነቱ ይህ ነው። «የተጎዳችው የልጅ ልጄ ናት፤ ያለ እሷ ቃል በሬዬ አይጠመድልህም። ጽፌ እጠይቃታለሁ» አልኩት። «ስልክ አለ አይደለም እንዴ አባባ?» አለኝ። «ይህን የሚያህል ነገር በስልክ አይወራም» አልኩት። አሁን ገባሽ ደብዳቤውን ምን እንዳመጣው? ፍርዱ ያንቺ ነው። ማረው ካልሽ ደውዪ፤ ስልኩን ሳልዘጋው እጠምዳለሁ፣ ቃሌ ነው። ደብዳቤው እጅሽ እስኪገባ ዝናቡ ይቆይ አይቆይ ግን እሱን የማውቅበት የለኝም። ጠዋት፣ ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ የሚመጣውን የጭነት መኪና ሹፌር መቼ እንደሚነሣ ልጠይቀው ሄጄ ነበር፤ አቶ ነገም ጆሮውን አቁሞ ከኋላዬ ተከትሎኝ ነበር። ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ሰማዩን አየና ምን ቢለን ጥሩ ነው?

«ነገ።»