ከአጥሬ በላይ ሆነው ለሚያዩኝ ዲን

ለተከበሩ ዶክተር ዳኛቸው፣ የኮሌጁ ዲን
ደብረ ታቦር

ጤናዎ እንደ ጉና ተራራ እንዲጸና፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ እንዲያድር እየተመኘሁ፣ ይህን የምጽፍልዎ ከኮሌጁ አጥር ጎን የምኖረው ጎረቤትዎ ሙላቴ ነኝ። ደብዳቤውን በገበያው ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው የቢሮዎ በር ለእኔ ቢጤ ስለማይከፈት አይደለም፤ ሰሌዳው ስለሚቀርበኝ ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ ቀላል ነው። የኮሌጁን የስንዴ ፕሮጀክት ለማስተዋወቅ ያሰቀሉት ትልቅ ባነር አንዱ ገመዱ ከእኔ ባሕር ዛፍ ላይ ታስሯል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲርገበገብ ዶሮዎቼ ጭልፊት የመጣ እየመሰላቸው ይበረግጋሉ። የባሰው ግን ባነሩ ላይ ከገበሬዎች በላይ ገዝፎ የወጣው የፎቶዎ ዓይን ነው፤ ቀጥ ብሎ ጓሮዬን ያያል። ባለቤቴ ወርቅነሽ ጸጉሯን የምትታጠበው ነጠላ ጋርዳ ሆኗል። ዘበኛ ከመቅጠር ስላሳረፉን እናመሰግናለን።

ሁለተኛው የእህቴን የአማረችን ልጅ፣ ሰብለወንጌልን ይመለከታል። ቻይና ሄዳ እስከ ዶክትሬት የተማረችው የዚያ አገር መንግሥት ሕዝቡን በሥዕልና በፎቶ እንዴት እንደሚያናግር ነው፤ ማን ገዝፎ ማን አንሶ እንደሚሣል፣ ገበሬው ወዴት እንዲያይ እንደሚደረግ። ይህንኑ እዚህ ልታስተምርና ከእኛ አገር ባነሮች ጋር ልታነጻጽር ጥናቷን ብታቀርብ፣ እርስዎ የሚመሩት ኮሚቴ «ከአካባቢያችን ችግር ጋር አይገናኝም» ብሎ መለሰው፤ ሥራ እንዳትፈታም የምረቃ ፎቶ አንሺ አደረጋት። ስለ አባታዊ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እኔ ዳዊት ደግሜ፣ የቀረውን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የለቀምኩ ሰው ስለሆንኩ በምሁራን ላይ አልፈርድም። ስለ ዓይንዎ ብቻ ጠየቅኋት። አጥሩ ጋ ወጥታ አየችና «አጎቴ፣ እሳቸው ሩቅ ያያሉ፤ ገበሬዎቹ እሳቸውን ያያሉ። ስንዴውን የሚያይ ሰው የለም» አለችኝ።

ሦስተኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጠርቷት ሻንጣዋን ዘግታለች፤ ነገ ጠዋት በባሕር ዳር መኪና ትሳፈራለች። እናቷ ከአንበሳሜ መጥታ ከደጅ ጓሮ ትመላለሳለች። እኔም አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ ሻንጣውን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አገሩ ሁሉ በባነር እየተናገረ፣ ባነር ማንበብ የተማረችው ልጅ የማትጠቅም ተብላ ስትሄድ ዝም ማለት አቃተኝ። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ…

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሩ ተንኳኳ፤ የቆሙትም እርስዎ ነዎት።

የባሕር ዛፍዎ ባለአደራና የዓይንዎ ጎረቤት በመሆኔ ዘወትር የምኮራ፣
ሙላቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባነሩን ጠቅልለው በብብትዎ ይዘው መምጣትዎን ዶሮዎቼ አመስግነዋል። ፈንታነሽ የምትባል የገሳይ ገበሬ ባሏን ከፎቶዎ እግር ሥር አይታ፣ ቢሮዎ ድረስ ገብታ «ባሌን እዚያ ማን አስቀመጠው?» እንዳለችዎ፣ ምን ብለው እንደሚመልሱላትም ሰብለወንጌልን ሊያማክሩ እንደመጡ ሰማን። ችግሩ ከአካባቢያችን ጋር ስለተገናኘ እንኳን ደስ አለዎ። እሷ ግን ጥናቷ ካልተፈቀደ አንድም ቃል አልናገርም ብላ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። እርስዎም ተቀመጡ ብንልዎ፣ ልጅ ሊጠይቅ እንደተላከ ሽማግሌ፣ የመጡበት ጉዳይ ሳይሰምር እንደማይቀመጡ ገለጹልን። ደንቡን ማወቅዎ አስደስቶናል። በደንቡም መሠረት ነገሩን በኮሚቴ እንመክርበታለን፤ አባላቱ አማረች፣ ወርቅነሽና እኔ ነን። እስከዚያው እዚያው ይቁሙ፤ ከቆሙበት ጓሮዬ ደህና አድርጎ ይታያል።