ጾም የገደፉት ዓሦች

ለተከበሩ እትዬ ኤልፍነሽ፣

የጉልበትዎ ሕመም እንዴት ሰነበተ? ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የሚያበቃ ብርታት ይስጥዎ። እኛ እዚህ ኖርክሮስ፣ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነን።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ወንድምዎ ኩሬ ነው። ነጋሽ ጓሮውን ቆፍሮ ዓሣ ያኖረበት ኩሬ አስመረረኝ። ፊልተሩ ሁልጊዜ በቅጠል ይደፈናል፤ ውሃውም ምግብ እየበዛበት አረንጓዴ ሆኗል። ልጃችን ገሊላ፣ «ማሚ፣ ቱ ማች ነው፤ በአፈር እናስደፍነውና ተገላገይ» ትለኛለች።

ነጋሽ እኮ ድሮ ረቡዕና ዓርብ ዓሦቹን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስጾማቸው ነበር። «እኔ ቤት እየኖሩ ጾም መግደፍ የለም!» ሲል እንስቅበት ነበር። ባለፈው ዓርብ ግን በጠዋት አበላቸው። ልብስ አጥቤ ሳልጨርስ ደግሞ ወጥቶ አበላቸው። ከዚያ ገባና «የትናንቱን ጥብስ አሙቂልኝ» አለኝ። «ዓርብ እኮ ነው» ስለው የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

የዓሦቹን ምግብ ደበቅኩበት፤ ቤቱን ሁሉ እየዞረ ሲፈልግ ግን አንጀቴን በላውና መልሼ አወጣሁለት። ኩሬውን ባስደፍነው ጠዋት ተነስቶ ወዴት ይሄዳል? ብተወውም ዓሦቹ ማለቃቸው ነው።

እርስዎ ታላቅ እህቱ ነዎት፤ ቃልዎን ይሰማል። እባክዎ ደውለው ያማክሩልኝ። ልጆቹን ሁሉ ይሳሙልኝ።

ሲደውሉ ግን አስቀድመው «እኔ እህትህ ኤልፍነሽ ነኝ» ይበሉት።

አክባሪዎ ፍቅርተ